ጎታች አውሮፕላኑ ሲያስቸግር፦ ጥገና ነው ወይስ ሌላ መግዛት?

ግላይደር በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል አውሮፕላን ነው፤ አብዛኛው ሞተር የለውም። ብዙ ክለቦች ጋ ወደ ሰማይ የሚያወጣው በገመድ የሚጎትተው ትንሽ አውሮፕላን ነው። ይህ አውሮፕላን ማስቸገር ሲጀምር ስብሰባ ላይ ወዲያው “ጉልበት ያለው እንግዛ” ይባላል። ከመግዛቱ በፊት ግን በሽታው ይለይ።

ችግር፦ ከመሬት ለመነሳት ይለግማል

ሞተሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ፕሮፔለሩን እዩ። ለረጅም ጉዞ የተሠራ ፕሮፔለር በጉተታ ፍጥነት፣ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ሞተሩን ያፍነዋል። የሞተሩ ዙር ስለማይሞላ ያለው ጉልበት አይወጣም። ለአውሮፕላኑ የተፈቀደ፣ ሽቅብ ለመውጣት የተሠራ ፕሮፔለር ሲገጠምለት ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ይህ ካልረዳ የሜዳችሁን ከፍታ አስቡ። እንደ ኮሎራዶዋ ቦልደር 1,600 ሜትር ላይ ከሆናችሁ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ገና ሳይነሳ 15 በመቶ ያህል ጉልበቱን አጥቷል። ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። እዚያ ሙሉ ክብደቱ 600 ኪሎ የሚደርሰውን ባለሁለት መቀመጫ ግላይደር ኤኤስኬ 21 ለመጎተት 235 የፈረስ ጉልበት ያለው ፓይፐር ፓውኒ ቢፈለግ አይፈረድም። ፓውኒ መጀመሪያ የተሠራው ለሰብል መድኃኒት ርጭት ነው። ከባድ ጭኖ በዝግታ መብረር ያውቅበታል።

ችግር፦ ከኋላ ያለው “ፈጠንክብኝ” ይላል

ቀለል ያሉ የቆዩ ግላይደሮች በዝግታ መጎተት ይፈልጋሉ። ጎታቹ በዚያ ፍጥነት ክንፉ የማይሸከመው ከሆነ ጥገና አያድነውም። እንደ ሱፐር ከብ ያለ ዝግ ብሎ የሚበር አውሮፕላን ፈልጉ።

ችግር፦ ሲሊንደር በየጊዜው ይሰነጠቃል

ኪስ የሚያራቁተው ይሄ ነው። ሞተሩ በሙሉ ጉልበት፣ ግን በዝግታ ስለሚወጣ በቂ ንፋስ አያገኝም፤ የሲሊንደሩ ራስ ይግላል። ከዚያ ግላይደሩ ገመዱን ይለቃል። መሬት ላይ ወረፋ አለና ፓይለቱ ጋዙን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ቁልቁል ይወረወራል። የጋለው ብረት በቀዝቃዛ ንፋስ በድንገት ይኮማተራል። ይህ በቀን ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ዋናው ተጠርጣሪ አወራረዱ ነው።

መፍትሄው ገንዘብ አይጠይቅም። ጋዙን ደረጃ በደረጃ ቀንሱ፣ መጠነኛ ጉልበት ይዛችሁ ውረዱ፣ ዓይናችሁ ከሲሊንደር ሙቀት መለኪያው አይራቅ። ዋናው ነገር የክለቡ የጎታች አውሮፕላን ፓይለቶች በሙሉ አንድ ዓይነት አወራረድ መልመዳቸው ነው። አንዱ ሲጠነቀቅ ሌላው ካልተጠነቀቀ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ሌላው አማራጭ የሲሊንደር ራሶቹ በፈሳሽ የሚቀዘቅዙት ሮታክስ 912 የተባለው ሞተር ነው። እንግሊዝ ውስጥ ይህ ሞተር ባለው ዩሮፎክስ በተባለ ትንሽ አውሮፕላን የሚጎትቱ ክለቦች አሉ። አውሮፕላኑ ክብደቱ ቀላል ነው፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ሜዳው አጭርና ጭቃማ፣ ግላይደሩም ከባድ ከሆነ ግን እኔ አልመርጠውም።

ችግር፦ የገመድ መልቀቂያው ይጠነክራል

በረራ ዛሬውኑ ይቁም። ግላይደሩ ድንገት ከጎታቹ በላይ ሽቅብ ከወጣ የጎታቹን ጭራ ይሰቅለዋል፣ አፍንጫው ወደ መሬት ይዞራል። ገመዱን ለመልቀቅ ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። አንዳንድ መንጠቆዎች ደግሞ ገመዱ ሲወጠር ነክሰው ይቀራሉ። አደራ፣ መሬት ላይ ገመዱን ወጥራችሁ፣ ወደ ላይም አዘንብላችሁ ሞክሩት። ፓይለቱ ቀበቶውን እንዳሰረ፣ ሳያጎነብስ፣ እጀታው ጋ ይደርሳል? ልትገዙት ያሰባችሁት አውሮፕላን ላይም ስለ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ይህንኑ ፈትሹ።