በጃቫ አፕሊኬሽን ውስጥ የተካተተን ዌብ ሰርቨር በአግባቡ መዝጋት

ጄቲን የመሰለ ዌብ ሰርቨር (የዌብ ጥያቄ ተቀብሎ ምላሽ የሚሰጥ ፕሮግራም) በጃቫ አፕሊኬሽኑ ውስጥ የሚያስነሣ ሰው ለአነሣሡ የሚሰጠውን ትኩረት ለአዘጋጉም ሊሰጥ ይገባል፤ ክፍያ እየመዘገበ ያለ ጥያቄ ሳያልቅ ቢቋረጥ ደንበኛው ገንዘቡ ይግባ አይግባ ሳያውቅ ይቀራልና።

ሁሉም ነገር የሚያያዘው ከቅደም ተከተሉ ጋር ነው። ሰርቨሩ መጀመሪያ አዲስ ግንኙነት መቀበሉን ያቆማል፤ ቀጥሎ የጀመራቸውን ጥያቄዎች ይጨርሳል፤ ዳታቤዙ የሚዘጋው ከዚህ በኋላ ነው። ጃቫ የተመዘገቡትን ሻትዳውን ሁኮች (ፕሮግራሙ ሲዘጋ የሚሠሩ ኮዶች) በሙሉ ጎን ለጎን ስለሚያስኬዳቸው፣ ሰርቨሩን በአንዱ፣ ዳታቤዙን በሌላው ሁክ መዝጋት ይህን ቅደም ተከተል ያፈርሰዋል። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ሁክ ውስጥ አከታትሎ መጻፍ ይሻላል፤ ጄቲ በራሱ ሁክ እንዲዘጋ የሚያደርገውን «ሴት ስቶፕ አት ሻትዳውን» የተባለውን ምርጫም በዚህ ጊዜ አለመጠቀም ነው።

በጄቲ የሚጠበቀው ጊዜ «ሴት ስቶፕ ታይምአውት» በሚባለው ሜተድ በሚሊሰከንድ ይሰጣል፤ 8 ሰከንድ ለመጠበቅ 8000 ይጻፋል። ብዙዎችን የሚያሳስተው ግን ጊዜው ብቻውን በቂ አለመሆኑ ነው፤ በሥራ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች የሚቆጥር ሃንድለር (ጥያቄዎች የሚያልፉበት የኮድ ክፍል) ከሌለ ሰርቨሩ ማንን እንደሚጠብቅ አያውቅም። ለዚህ ሥራ በጄቲ 12 «ግሬስፉል ሃንድለር»፣ በ9፣ በ10 እና በ11 ደግሞ «ስታቲስቲክስ ሃንድለር» ሌሎቹን ሃንድለሮች ከውጭ እንዲያቅፍ ይደረጋል።

መዝጊያው በዌብ ጥያቄ የሚመጣ ከሆነ፣ ሰርቨሩን የሚዘጋው «ስቶፕ» የተባለው ሜተድ ጥያቄውን ከሚያስተናግደው ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሄዱት የሥራ መስመሮች አንዱ) ላይ በቀጥታ አይጠራ። ያ ትሬድ ጥያቄው እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ጥያቄው ደግሞ የሚያልቀው ትሬዱ ሲመለስ ነው። አዲስ ትሬድ አስነሥቶ መዝጊያውን ለእርሱ መተው፣ ምላሹንም ወዲያው መላክ ያስፈልጋል።

ከውጭ የሚመጣው ትእዛዝም ይታሰብበት። ሲግናል 15 (ፕሮግራሙ እንዲዘጋ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በኩል የሚላክ ምልክት) ሁኩን ያስነሣል፤ ሲግናል 9 ግን ፕሮሰሱን ባለበት ይገድለዋል። አፕሊኬሽኖችን ኮንቴነር በተባለ የተለየ ክፍል ውስጥ የሚያስኬደው ዶከር ኮንቴነርን ሲያቆም በተለምዶ 15ን ልኮ 10 ሰከንድ ከጠበቀ በኋላ 9ን ይልካል፤ ብዙ ኮንቴነሮችን የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ ደግሞ 30 ሰከንድ ይሰጣል። ከላይ 8 ሰከንድ የመረጥሁት ዳታቤዙን ለመዝጋትም ጊዜ እንዲተርፍ ነው። አፕሊኬሽኑን የሚያስነሣው የሼል ስክሪፕት (የትእዛዞች ፋይል) ከሆነ፣ ሲግናሉ ስክሪፕቱ ጋ እንዳይቀር ጃቫን በስክሪፕቱ ቦታ በሚተካው «ኤግዜክ» ትእዛዝ ማስነሣት ይገባል።

ለመፈተሽ 5 ሰከንድ የሚተኛ ሃንድለር ይጻፍ፤ ጥያቄው ተልኮ ገና በሥራ ላይ ሳለ ሲግናል 15 ይላክ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሙሉ ምላሽ ማግኘት፣ ከሲግናሉ በኋላ የሚሞከር አዲስ ግንኙነት ደግሞ ወዲያው መከልከል አለበት።