ወረርሽኝ ግቢ ሲገባ የተማሪዎች አገልግሎትን እንዴት እናስተካክል?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጀመሪያ በያሉበት ግቢ እንዲቆዩ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ወደየቤታቸው እንዲሸኙ ተወሰነ። ከዚያ በርካታ ግቢዎች የሕዝብ ለይቶ ማቆያ ሆኑ። እኔ ያኔ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች አገልግሎት ውስጥ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ለተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት፣ ለፕሮክተሮች (ለዶርም ተቆጣጣሪዎች)፣ ለካፌ ኃላፊዎችና ለተማሪዎች ኅብረት ነው። ልጁን ዩኒቨርሲቲ የላከ ወላጅም ቢያነበው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ያውቃል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅ። «አመመኝ» ብሎ መናገር ተማሪውን ምንም ሊያሳጣው አይገባም። ምሳውን፣ ፈተናውን፣ አልጋውን ወይም ክብሩን የሚያሳጣው ከሆነ ይደብቃል። እሱ ከደበቀ ደግሞ የገዛችሁት ሳኒታይዘር ሁሉ አይጠቅምም። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ከዚህ ነው የሚነሳው።

በሽታው በምን እንደሚተላለፍ ለዩ

ይህን ሳታውቁ አንድም ማስታወቂያ አትለጥፉ። ከኮሮና ወዲህ ማንኛውም ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር ያንኑ መድገም ለምደናል፤ ወንበር ማራራቅ፣ ማስክ ማድረግ፣ በር ላይ ሙቀት መለካት። ነሐሴ 2014 ባሌ ላይ የተነሳው የኮሌራ ወረርሽኝ ከዓመት በላይ ቆይቷል። ኮሌራ የሚገባው በውሃና በምግብ ነው። ወንበር አራርቃችሁ ሮቶው ካልታጠበ ምንም አልሠራችሁም። ኅዳር 2018 ጂንካ ላይ የተረጋገጠው ማርበርግ የተባለው የቫይረስ በሽታ ደግሞ የሚተላለፈው የታማሚውን ደም፣ ትውከትና ሌላ የሰውነት ፈሳሽ በመንካት ነው። እዚያ ትልቁ አደጋ ያለው አስታማሚው ጓደኛና ጽዳት ሠራተኛዋ ላይ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስልክ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ነው። የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነፃ መስመር 8335 ደግሞ በየፎቁ ደረጃ ላይ በትልቁ ይጻፍ።

ውሃና በረኪና

በየካፌውና በየሽንት ቤቱ በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ሮቶ ወይም በርሜል አስቀምጡ። ሳሙናው በገመድ ይታሰር፤ ካልሆነ እስከ ማታ አይቆይም። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ከሆነ ውሃ የሚቀዳ ሰው በስም ተመድቦ ይታወቅ። «ፋሲሊቲው ያየዋል» ከተባለ ሮቶው ባዶውን ይውላል።

በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጁን በ9 እጅ ውሃ ስትበጠብጡት 0.5 በመቶ ይሆናል። ይህ ትውከትና ሰገራ ለነካው ወለል ነው። ለበር እጀታና ለጠረጴዛ አንድ እጅ በ49 እጅ ውሃ ይበቃል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መቶኛ ሳታዩ አትበጥብጡ። ቆሻሻው መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፤ በየቀኑም አዲስ ይበጥበጥ። ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ሁለቱ አንድ መደርደሪያ ላይ አይቀመጡ። በር ላይ ተቁሞ ሰው ላይ ኬሚካል መርጨት ፈጽሞ ይቅር። ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2012 ይህን ተቃውሟል።

ካፌ

ካፌውን አትዝጉት። ሰዓቱን አስረዝሙት። ምሳ ከ6፡00 እስከ 7፡00 የነበረው ከ5፡30 እስከ 8፡00 ይሁንና እያንዳንዱ ብሎክ ግማሽ ሰዓት ይሰጠው። ኮሮናን በመሰለ በሽታ ሚል ካርዱ (የካፌ መመገቢያ ካርዱ) ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍ፤ ተማሪው ከፍ አድርጎ ያሳይ፣ ቲከሯ (በር ላይ ካርድ የምትቆጣጠረዋ) በዓይኗ አይታ ቁጥሩን ትመዝግብ። የጋራ የውሃ ኩባያ ይነሳ፤ ተማሪው የራሱን ጠርሙስ ይዞ ይምጣ። ኮሌራ ከሆነ ጥሬ አትክልት ይቅር፣ የሚጠጣው ውሃ በክሎሪን የታከመ ይሁን።

ነን ካፌ የሆኑትን፣ ማለትም በካፌው ፋንታ ብር ተቀብለው ራሳቸውን የሚመግቡትን፣ አትርሱ። ወረርሽኝ ሲመጣ በር ይዘጋል፣ ከግቢ ውጪ ያለው ምግብ ቤትም ይዘጋል። እነሱ በእጃቸው ያለው ብር ብቻ ነው፤ ሚል ካርድ የላቸውም። በር የሚዘጋ ከሆነ በዚያው ቀን ካፌ ይመዝገቡ።

ለይቶ ማቆያው

ሰው የሚያልቅበት ወይም የሚድንበት ቦታ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ኮሌራ ወይም ማርበርግ የተጠረጠረበት ተማሪ ዶርም ውስጥ አይቆይም። ጤና ቢሮው ወዳዘጋጀው የሕክምና ማዕከል ነው የሚሄደው፤ ኮሌራ ከሆነ ደግሞ መኪናው እስኪመጣ ኦአርኤስ (የወጣውን ፈሳሽ የሚተካ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) እየጠጣ ይቆይ። ኦአርኤስ ከጠፋ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡለት። ከዚህ በታች የምለው ኮሮናን ለመሰለ፣ ግቢ ውስጥ ሊያገግሙበት ለሚቻል በሽታ ነው።

ብዙ ጊዜ ለይቶ ማቆያ የሚሆነው ማንም የማይፈልገው ብሎክ ነው። ውሃ የማይወጣበት፣ በሩ የማይዘጋ፣ ከክሊኒክ የራቀ። ተማሪው ያን ብሎክ ከእናንተ በላይ ያውቀዋል። «እዚያ ከምገባ እዚሁ ልሙት» ይላል። ስለዚህ ካሏችሁ ብሎኮች ደህናውን ስጡ። የራሱ ሽንት ቤት፣ የራሱ ሮቶ፣ የሚሠራ ሶኬት፣ የሚከፈት መስኮት ይኑረው። አዳራሽ ውስጥ ፍራሽ መደርደር ለሪፖርት ያምራል እንጂ ሕመምተኛ አያሳርፍም።

ሦስት ዓይነት ሰው ይመጣል። የተረጋገጠበት፣ ምልክት ኖሮት ውጤት የሚጠብቅ፣ ምልክት ሳይኖረው ከታማሚ ጋር የከረመ። ሦስቱን አንድ ክፍል ማስገባት ጤነኛውን አምጥቶ ማስያዝ ነው። ክፍል ካነሰ ቢያንስ ፎቁ ይለያይ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጁ ላይኛው አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተኝቷል፤ ትኩሳቱ ከሩቅ ያስታውቃል። የዶርሙ ልጅ እንጀራ ጠቅልሎ በፌስታል ይዞለት መጣ። ሽሮው ወደ ፌስታሉ ጥግ ወርዶ ረግቷል። ከካፌ ምግብ ማውጣት ክልክል ስለሆነ ጃኬቱ ውስጥ ደብቆ ነው ያመጣው። ታማሚውን «ለምን ክሊኒክ አልሄድክም?» አልኩት። «ነገ ሚድ ፈተና አለብኝ» አለኝ። ክፍሉ ውስጥ ሌሎቹም ልጆች ነበሩ፤ ሁሉም ያውቃሉ፣ ሁሉም ዝም ብለዋል። አልፈርድባቸውም። ጓደኛቸውን ከእኛ አሠራር እየጠበቁት ነበር።

ከዚያ ክፍል የሚወጣው ሥራ ይህ ነው።

ምግቡን ጓደኛ አያምጣ። ክሊኒኩ በየጠዋቱ እስከ 3፡00 ሰዓት ስም ዝርዝር ለካፌ ይላክ፤ ካፌው በክዳን ዕቃ ያውጣ። ተማሪው ወረቀት ይዞ ፊርማ አይለምን። ዝርዝሩ ላይ ጾም ወይም ፍስክ ይጻፍ። ኮሮና ሲገባ ሁዳዴ ነበር፤ ሚያዝያ ላይ ደግሞ ረመዳን ገባ። ስሑር የሚበላ ልጅ ቁርስ ሰዓት ላይ ሻይና ዳቦ ቢመጣለት ምኑም አይደለም። ጨጓራ ያለበትና ልዩ ምግብ የታዘዘለትም በዚያው ይካተት።

ፈተናውን ተማሪው ሳይጠይቅ ጨርሱለት። ለይቶ ማቆያ የገባ ዕለት ክሊኒኩ ለሬጅስትራር፣ ሬጅስትራር ለዲፓርትመንቱ ደብዳቤ ይጻፍ። ደብዳቤው «በሕክምና ምክንያት» ይበል፤ የበሽታው ስም አይጠቀስ። ሜክአፕ (ማካካሻ ፈተና) የማይሰጥ መምህር ካለ ጉዳዩን የሚጨርሰው ዲኑ ነው። ትኩሳት ያለበት ልጅ ቢሮ ለቢሮ መንከራተት የለበትም። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብታስተካክሉ የሚደበቀው ሰው ቁጥር ይቀንሳል።

ከዚያ ንብረቱ አለ። ሎከሩን ራሱ ይቆልፍ፣ ቁልፉ እሱ ጋ ይቆይ፣ አልጋው ለሌላ አይሰጥ። ስልክና ቻርጀር ሳይዝ አይግባ። ቤተሰቡን ማግኘት ያልቻለ ልጅ በመስኮትም ቢሆን ይወጣል። ካርድ መሙያ ለሌለው ትንሽ በጀት ያዙ፤ ለጥበቃ ከምታወጡት በጣም ያንሳል።

የሚረሳው መውጫው ነው። ልጁ ድኖ ወደ ዶርሙ ሲመለስ ጓደኞቹ ፍራሹን ኮሪደር ላይ አውጥተውት ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ከመመለሱ ከአንድ ቀን በፊት ነርሷና ፕሮክተሩ ሄደው የክፍሉን ልጆች ያናግሩ። ጥያቄያቸውን ይጠይቁ፣ ይመለስላቸው። ሌላ ዶርም መመደብ መፍትሔ አይደለም፤ «ያ ኮሮና የያዘው» የሚለው ስም አብሮት ይሄዳል።

ሠራተኞቹ

ወጥ ቤት የምትሠራዋ፣ ጽዳቷና ጥበቃው ማታ ማታ ከተማ ገብተው ጠዋት የሚመለሱ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ብዙዎቹ በኮንትራት ነው የሚሠሩት፤ የቀሩበት ቀን ይቆረጥባቸዋል። የሚቆረጥባት ከሆነ እያሳላትም ትመጣለች። ለታመመ ሠራተኛ ቀኑ ሳይቆረጥ እረፍት ይሰጥ፤ ይህ በጽሑፍ ይታወጅ። ጓንትና ቦቲ ደግሞ ከቢሮ ኃላፊዎች በፊት ለጽዳት ይድረስ።

መረጃ

አንድ የቴሌግራም ቻናል፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት። አዲስ ነገር ከሌለ «ዛሬ አዲስ ነገር የለም» ተብሎ ይጻፍ። እናንተ ዝም ያላችሁበትን ሰዓት ወሬ ይሞላዋል። በ2012 ፌጦ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ኮሮናን ያድናሉ ተብሎ ስንት ሰው ነው የተዘናጋው። ወሬን በቁጣ አትመልሱት፤ የክሊኒኩ ሐኪም በአጭር የድምፅ መልእክት ያስረዳ። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን ግቢው ውስጥ በብዛት በሚነገሩት ቋንቋዎች ሁሉ ይነገር።

ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ሰው ክንድ ይዘው ነው የሚሄዱት። «ሰው አትንኩ» የሚለው ትእዛዝ ለእነሱ ከክፍል አትውጡ ማለት ነው። ለእያንዳንዳቸው አንድ ቋሚ መሪ ይመደብና ሁለቱም ማስክና ሳኒታይዘር ይሰጣቸው። መስማት ለተሳናቸው ደግሞ ማስክ ከንፈርና ፊት ይሸፍንባቸዋል፤ ክሊኒክ ሲሄዱ የምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው ወይም ቢያንስ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘጋጅላቸው።

ወደ ቤት መሸኘት ካስፈለገ

መሸኘት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ሐሳብ አይሁን። በሽታው ግቢ ውስጥ ገብቶ ከሆነ በአውቶቡስ ጭኖ ወደየገጠሩ መላክ ማዳረስ ነው። ውሳኔው ከመጣ ግን በመስመር ከፋፍሉ። ሩቅ የሚሄዱት ጋምቤላ፣ ሶማሌ፣ አፋር በጠዋት ይውጡ፤ ማንም ማታ መናኸሪያ ላይ አይጣል። የትራንስፖርት ብር የሌለውን ለማወቅ በአደባባይ እጅ አታስወጡ፤ ፕሮክተሩ በየክፍሉ ዞሮ ይመዝግብ።

ዕቃ ትቶ የሚሄድ ተማሪ ሻንጣውን ስሙንና መታወቂያ ቁጥሩን ጽፎ፣ አስረክቦ፣ ደረሰኝ ይቀበል። ዶርሙ ነገ ለይቶ ማቆያ ሊሆን እንደሚችል አስቡ። ያን ጊዜ ሎከር የሚሰብር ሰው ይላካል፤ ያለ ዝርዝር ከተሰበረ የማን ምን እንደነበር የሚያውቅ አይኖርም። የቁልፍና የዕቃ ዝርዝሩ በሁለት ቅጂ ይያዝ።

ቤት ከገቡ በኋላ አገልግሎቱ አይቆምም። እኔ ለቪዲዮ ስብሰባ እምነት የለኝም። ኔትወርክ ለማግኘት ኮረብታ የሚወጣ ተማሪ በቪዲዮ ምክር አይቀበልም። ሥራው ላይ የዋለው ተራ ስልክ ነው። አማካሪዎች ተማሪ ተከፋፍለው ራሳቸው ይደውሉ፤ ቅድሚያ ለፍሬሽማን (ለአንደኛ ዓመት)፣ ለሴት ተማሪዎችና ከዚህ በፊት የምክር አገልግሎት ለወሰዱ። ቤት የተቀመጠች ልጅ ጋብቻ ሊመጣባት ይችላል። በየጊዜው የሚደውልላት ሰው ካለ ትናገራለች። ጽሑፍ የሚላክ ከሆነም ትንሽ መጠን ያለው ፒዲኤፍ ይሁን፤ ወሳኝ ቀኖች ግን በኤስኤምኤስ ይላኩ።

መልሶ መቀበል

በ2013 እንደተደረገው ተመራቂዎችን አስቀድሙና ሌላውን በዙር ጥሩ። ተማሪ ከመግባቱ ከሳምንት በፊት ሮቶዎቹ ይታጠቡ፤ ወራት የቆየው ውሃ ከየቧንቧው ፈሶ ይለቅ። ለይቶ ማቆያ የነበረ ብሎክ ፍራሹ በክሎሪን ተጠርጎ ፀሐይ ይመታ፤ ሊጸዳ የማይችለው ተለይቶ ይወገድ። ሻንጣዎቹ በደረሰኙ መሠረት ይመለሱ። የጠፋ ካለ ካሳው የሚጠየቅበት ቢሮና ስልክ ቁጥር ተማሪው በር ላይ ሲደርስ ይሰጠው።