የሰበታ ዝናብ ለምን ዘገየ? የግዙፍ ባለብዙ ዳይሜንሽን ዳታ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ የአንድ ቀን የዝናብ ካርታ ወዲያው ይከፈታል። የሰበታን ብቻ የ40 ዓመት ዕለታዊ ዝናብ ስትጠይቁት ግን ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ያልቃል፤ መልሱ አልመጣም።

ምክንያት፦ ዳታው የተቀመጠው በየቀኑ ነው። ቺርፕስ የተባለውን የዝናብ ዳታ (ሁለተኛ ቅጂውን) እንውሰድ፦ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከ50 ዲግሪ ደቡብ እስከ 50 ዲግሪ ሰሜን፣ በ0.05 ዲግሪ ርቀት። የአንድ ቀን ካርታ 7200 በ2000 ነጥብ ነው፤ ለአንዱ ነጥብ 4 ባይት ሲያዝ 57.6 ሜጋባይት ይሆናል። 40 ዓመት 14,610 ቀን ነው። የምትፈልጉት 58 ኪሎባይት ገደማ ነው። እያንዳንዱ ቀን እንደ አንድ ቸንክ (አንድ ላይ የሚነበብ የዳታ ቁራጭ) ታምቆ ከተቀመጠ ግን ለአንዷ ቁጥር ሲባል ካርታው በሙሉ ይፈታል፤ ድምሩ 841 ጊጋባይት። እዚህ ላይ ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) መጨመር ከንቱ ድካም ነው፤ የታመመው አቀማመጡ ነው።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ቁረጡ። ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው ክልል 240 በ300 ነጥብ ነው፤ 40 ዓመቱ በሙሉ 4.2 ጊጋባይት፣ በተራ ላፕቶፕ የሚያዝ። ከዚያ ቸንኩን 365 ቀን በ30 በ30 ነጥብ አድርጉት፤ አንዱ 1.3 ሜጋባይት ይመጣል። ለሰበታ 41 ቸንክ፣ ለአንድ ቀን ካርታ 80 ቸንክ ይነበባል። ካርታው ከቀድሞው ትንሽ ይዘገያል፤ ይህ የማይቀር ዕዳ ነው። በነባሩ ፋይል ላይ አትጻፉ፤ መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ሁለቱንም ታጣላችሁ። በአዲስ ስም ጽፋችሁ ሲያልቅ ስሙን ቀይሩ።

ምልክት፦ ቸንኩ ተስተካክሎም የጎረቤት ነጥቦች አንድ በአንድ ሲነበቡ ይዘገያል።

ኤችዲኤፍ 5 እንዲህ ያለ ዳታ የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት ነው። በብዙ ቅጂዎቹ ነባሪው የቸንክ ካሽ (የተፈታ ቸንክ ለጊዜው የሚያዝበት ማህደረ ትውስታ) 1 ሜጋባይት ነው። የእኛ ቸንክ 1.3 ስለሆነ አይገባበትም፤ በእያንዳንዱ ጥያቄ እንደገና ይፈታል። ፋይሉን ስትከፍቱ ካሹን 64 ሜጋባይት አድርጉት።

ምልክት፦ የሰበታን ኬክሮስ 8.917 ብላችሁ ትፈልጋላችሁ፤ «የለም» ይላል።

የተቀመጠው የነጥቡ (የትንሿ አራት ማዕዘን) መሀል ስለሆነ በእኩልነት አትፈልጉ፤ አስሉት። 8.917 ሲቀነስ 3፣ ሲካፈል ለ0.05፣ ክፍልፋዩን ጣሉ፦ የረድፉ ቁጥር 118። ኬንትሮሱ 38.617 በዚሁ መንገድ ከ33 ተነሥቶ የዓምዱን ቁጥር 112 ይሰጣል። ቆጠራው ከ0 ይጀምራል። ፋይሉ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተጻፈ ከሆነ ግን ረድፉ ይገለበጣል፤ ይህን ሳያዩ ብዙዎች የሌላ አገር ዝናብ ይተነትናሉ።

ምልክት፦ «ከ50 ሚሊሜትር በላይ የዘነበው የትና መቼ ነው?» ሲባል ሁሉም ዳታ ይነበባል።

የቦታ ኢንዴክስ ስለ ዝናቡ መጠን ምንም አያውቅም። ቀላሉ መድኃኒት የየቸንኩን ትልቁን ዋጋ በትንሽ ሠንጠረዥ መያዝ ነው፤ ከ50 የማይበልጡት ሳይከፈቱ ይታለፋሉ። ጥያቄው ከበዛ ቢትማፕ ኢንዴክስ (ዋጋዎችን በክፍል ከፍሎ እያንዳንዱ ነጥብ የየትኛው ክፍል እንደሆነ በ0 እና በ1 የሚመዘግብ ማውጫ) ሥሩ፤ አንዴ ተጽፎ ለማይለወጥ ዳታ ይስማማል። የክፍሎቹን ድንበር በምትጠይቁት ቁጥር ላይ አኑሩ። ድንበሩ 20 እና 50 ሆኖ 45 ከጠየቃችሁ፣ በመካከል ያለው ክፍል ከዋናው ዳታ እንደገና መጣራት አለበት።

ምልክት፦ የሐምሌ ድምር ከመስክ መዝገቡ አይገጥምም።

ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ነው። ቀኑን ወደ ፋይሉ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ቀይራችሁ ጠይቁ።