ላምዳ ይለዋወጣል ያለው ሞዴል ከዳታው ጋር አልገጥም ሲል

የኮስሞሎጂ ቋሚው ላምዳ (የጽንፈ ዓለምን መለጠጥ የሚያፋጥነው የባዶ ሕዋ ኢነርጂ) ከጊዜ ጋር ይለዋወጣል ብላችሁ ሞዴል ሠርታችኋል እንበል። ኮዱ ይሠራል፤ ውጤቱ ግን ግራ ያጋባል።

ሱፐርኖቫዎቹን ይገጥማል፣ የማይክሮዌቭ ዳራ ጨረሩን ግን ይስታል

ሱፐርኖቫ ርቀት የምንለካበት የሚፈነዳ ኮከብ ነው፤ ዳራ ጨረሩ ደግሞ ከጽንፈ ዓለም ልጅነት የቀረ ብርሃን። መጀመሪያ የብርሃንና የኒውትሪኖ (በጣም ቀላል ቅንጣት) ኢነርጂን ረስታችሁ እንዳይሆን። ዛሬ ኢምንት ነው። ሬድሺፍት 1090 ላይ፣ ማለትም ዳራ ጨረሩ በተለቀቀበት ዘመን፣ ግን ከጠቅላላው ሩብ ያህሉን ይይዛል።

እሱ ካለ ቁስን ጠርጥሩ። በአንስታይን እኩልታ ላምዳ ሲቀንስ ኢነርጂው ዝም ብሎ አይተንም፤ የሆነ ቦታ መግባት አለበት። ወደ ቁስ ገባ ካላችሁ ደግሞ ጽንፈ ዓለም በእጥፍ ሲለጠጥ የቁስ እፍጋት ለስምንት ይካፈላል የሚለው የለመድነው ሕግ አይሠራም። እኔ ላምዳን ቀይሬ ይቺን መስመር እንደነበረች ትቻት ስንት ቀን ፈጅቻለሁ! የሁለቱን የልውውጥ እኩልታ አብራችሁ ፍቱ። ልውውጡን ዜሮ ስታደርጉት የተለመደው ሞዴል ቁልጭ ብሎ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ዳታው ጋ አትድረሱ።

የሀብል ቋሚው አንድ ቦታ አልረጋ ይላል

የሀብል ቋሚ ጽንፈ ዓለም ዛሬ በምን ፍጥነት እንደሚለጠጥ የሚናገር ቁጥር ነው። ሱፐርኖቫ ብቻ ከሆነ የያዛችሁት፣ ኮዱ ጤነኛ ነው። የሱፐርኖቫ እውነተኛ ድምቀት ካልታወቀ ከሀብል ቋሚ ሊለይ አይችልም። ድምቀታቸው ከትርታቸው በሚታወቅ ሴፌይድ ከዋክብት ብታስሩት 73 አካባቢ (ኪሎሜትር በሰከንድ በሜጋፓርሴክ) ይወጣል፤ ዳራ ጨረሩን ከለካው ከፕላንክ ሳተላይት ደግሞ 67.4። ሁለቱን በግድ ስታጋቡ ጠቡን ላምዳ ላይ እንዳታሳብቡ።

ላምዳ በእርግጥ የተለዋወጠ ይመስላል

እዚህ ጋ ነው መጠንቀቅ። በ2025 ይፋ የሆነው የዴሲ (የጋላክሲዎችን ካርታ የሚሠራ ፕሮጀክት) ልኬት ከዳራ ጨረሩ ጋር ተዳምሮ ለተለዋዋጭ ዳርክ ኢነርጂ (ላምዳ የሚወክለው ኢነርጂ) 3.1 ሲግማ ሰጠ፤ ሲግማ ከፍ ባለ ቁጥር ውጤቱ የአጋጣሚ የመሆን ዕድሉ ይቀንሳል። ሱፐርኖቫ ሲጨመርበት፣ እንደተመረጠው ስብስብ፣ ከ2.8 እስከ 4.2 ይደርሳል። ስብስብ ሲቀየር ቁጥሩ እንዲህ ከዋዠቀ፣ ሱፐርኖቫዎቹን ራሳቸውን መመርመር ነው። ቅርቦቹና ሩቆቹ ብዙ ጊዜ በተለያየ ቴሌስኮፕ የተለኩ ናቸው። በመካከላቸው የጥቂት መቶኛ ማግኒቲዩድ (የድምቀት መለኪያ) ስህተት ካለ ተለዋዋጭ ላምዳን ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ሙሉውን ኮቫሪያንስ ማትሪክስ (ስህተቶቹ እርስ በርስ እንዴት እንደተያያዙ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ) ተጠቀሙ፤ አንዳንዱን ስብስብ እያወጣችሁ ደግማችሁ አስሉ። ፓራሜትር ሲጨመር ሞዴል በራሱ ዳታውን በተሻለ ስለሚገጥም፣ ለተጨመረው ፓራሜትርም ቅጣቱን ቁጠሩ።

አሁንም ካልለቀቃችሁ፣ ላምዳ የማይለወጥበት የውሸት ዳታ ሠርታችሁ በዚያው ኮድ ብዙ ጊዜ አሳልፉት። እዚያም ደጋግሞ "ተለውጧል" ካለ፣ ሌባው ኮዱ ውስጥ ነው።