በርሜሉ አልቋል ብላችሁ ከመቀየራችሁ በፊት በስርዓቱ ወልውሉት

ጠመንጃ ኢላማ መሳት ሲጀምር ብዙ ሰው ወዲያው የሚለው "በቃ በርሜሉ አልቋል፣ ይቀየር" ነው። እኔም እንደዛ ስል ነበር። አንድ ዘመዴ የቆየ የአደን ጠመንጃ አለው፣ 100 ሜትር ላይ አምስት ጥይት ሲተኩስ አምስቱም በየፊናቸው ነበር የሚሄዱት፣ አዲስ በርሜል ለማስገጠም ወስኖ ሳለ እስቲ መጀመሪያ እንወልውለው ብለን ቁጭ አልን፣ ሁለት ማታ ፈጀብን፣ የምናስገባው ነጭ ጨርቅ በሌላኛው በኩል ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፣ ደግመን እንሰዳለን አሁንም ሰማያዊ። ያ ሰማያዊ ለዓመታት የተጠራቀመ መዳብ ነው። ስንጨርስ አምስቱም ጥይት በአንድ መዳፍ የሚሸፈን ቦታ ላይ ገባ። በርሜሉ ምንም አልሆነም ነበር፣ ቆሽሾ ነው እንጂ።

መቀየሩን በተመለከተ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። በርሜል ፈቶ ሌላ መግጠም ጎማ እንደመቀየር አይደለም። ጥይቱ ቻምበር ውስጥ (በርሜሉ ኋላ ላይ ጥይት የሚቀመጥበት ቦታ) ገብቶ ቦልቱ (ከኋላ የሚዘጋው ተንሸራታች ብረት) ሲዘጋበት የሚኖረው ልክ በጣም ጠባብ ነው፣ ለምሳሌ .308 ዊንቸስተር በሚባለው የጥይት አይነት ቦልቱ ሊዘጋበት የሚገባው መለኪያ 41.40 ሚሊሜትር ሲሆን ሊዘጋበት የማይገባው ደግሞ 41.50 ነው፣ በመሃል ያለው ልዩነት የአንድ ወረቀት ውፍረት ማለት ነው። ከዛ ካለፈ ቀለሁ ሊሰነጠቅና የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ኋላ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመጣ ይችላል። ስለዚ መለኪያውም ልምዱም ያለው የጦር መሳሪያ ባለሙያ ይስራው፣ ደግሞ በብዙ አገር በርሜል ራሱ ፈቃድ የሚጠየቅበት እቃ ስለሆነ ህጉን ሳታዩ አትነካኩ። ቤት ውስጥ በራሳችን እጅ የሚሰራው ትልቁ ስራ መወልወሉ ነው፣ እሱን ደግሞ አብዛኛው ሰው ተሳስቶ ነው የሚሰራው።

ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው፦ መጀመሪያ ካርታውን (የጥይት መያዣውን) አውልቁ፣ ከዛ ነው ቦልቱን ወደ ኋላ የምትስቡት። ገልብጣችሁ ካደረጋችሁት፣ ማለትም ካርታው ሳይወልቅ ብትስቡትና ብትለቁት፣ አንዱ ጥይት ወጣ ብላችሁ ስትደሰቱ ሌላው ገብቶ ይቀመጣል። ቻምበሩን በዓይን እዩ፣ ከዛ ትንሿን ጣታችሁን አስገብታችሁ ዳስሱ፣ ምክንያቱም ዓይን ሊያይ የፈለገውን ነው የሚያየው ጣት ግን አይሳሳትም። ጥይቱን በሙሉ ሌላ ክፍል ውሰዱት። ስልክ ተደውሎላችሁ ተነስታችሁ ከተመለሳችሁ እንደ አዲስ ፈትሹ፣ ሁለት ደቂቃም ቢሆን።

አሁን በርሜሉ ውስጥ ምንድነው ያለው የሚለውን እንይ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ቆሻሻ የሚለው ነገር በእውነቱ አንድ አይደለም። አንደኛው የባሩድ ጥቀርሻ ነው፣ ጥቁርና ደረቅ፣ ከቻምበሩ ፊት ለፊት ባለው ቦታ ላይ በጣም ይጋገራል። ሌላው መዳቡ ነው፣ የጥይቱ እርሳስ በመዳብ ቅይጥ የተሸፈነ ስለሆነ በበርሜሉ ውስጥ በተቆረጠው ጠመዝማዛ ቦይ ላይ እየታሸ ሲያልፍ ትንሽ ትንሽ ይለጥፋል። ሶስተኛው ጨው ነው፣ እሱ የሚመጣው ከአንዳንድ ጥይት ብቻ ነው ግን በርሜል በመግደል የሚደርስበት የለም፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ዋናው ነገር የጥቀርሻ ማጽጃ መዳብን እምብዛም አይነካውም፣ የመዳብ ማጽጃም ጨው ላይ መተማመኛ አይሆንም፣ ዘይት ደግሞ ሶስቱንም አያነሳም ይሸፍናቸዋል እንጂ። "በዘይት ወለወልኩት እኮ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አልወለወለውም ማለት ነው።

እቃውን በተመለከተ መወልወያ ዘንጉ ላይ አትሰስቱ። ከተቻለ አንድ ወጥ የሆነ፣ በፕላስቲክ የተለበጠ ወይም የካርቦን ፋይበር ይሁን፣ እጀታው ደግሞ ዘንጉ በራሱ እንዲሽከረከር የሚፈቅድ ይሁን። ለምን ብትሉ ብሩሹ የቦዩን ጥምዝ ተከትሎ እየዞረ መሄድ አለበት፣ ካልዞረ በቦዩ አናት ላይ እየዘለለ ነው የሚያልፈው፣ ውስጡን አይነካውም። በቁርጥራጭ የሚገጣጠመው ዘንግ መገጣጠሚያው ጋ ጠርዝ አለው፣ ስትገፉት ደግሞ ይጎብጣል፣ ሲጎብጥ በርሜሉን ይፍቃል፣ ይሄ እየተደጋገመ ጥይት ካደረሰው በላይ ጉዳት ያደርሳል። ለስላሳ አሉሚኒየምም ቢሆን ደቃቅ አሸዋ ይነክስና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ከዘንጉ ሌላ በልኩ የሆነ ብሩሽ (ለ5.56 ሚሊሜትር በርሜል የ7.62 ሚሊሜትር ብሩሽ በግድ አትክተቱ)፣ ጨርቅ የሚይዝ ጫፍ፣ ከአሮጌ ጥጥ ካናቴራ የተቆረጡ ትንንሽ ጨርቆች፣ የጥቀርሻ ማጽጃ፣ የመዳብ ማጽጃ፣ ቀጭን የጠመንጃ ዘይትና የእጅ ባትሪ በቂ ነው። ጨርቁ ሲገፋ ጠበቅ ማለት አለበት ግን መዶሻ የሚያስፈልገው ከሆነ ትልቅ ቆርጣችኋል፣ አውጡና አሳንሱ፣ በርሜል መሃል ላይ የተቀረቀረ ጨርቅ ለማውጣት የሚደረገው ትግል ስንቱን በርሜል እንዳበላሸ።

አቅጣጫው ላይ ትንሽ ልቆይ። ቦልቱ የሚወጣ ጠመንጃ ከሆነ ሁልጊዜ ከቻምበሩ በኩል ወደ አፈሙዙ ነው የሚወለወለው። አፈሙዙን በባትሪ ቀረብ አድርጋችሁ እዩት፣ ቦዮቹ የሚያልቁበት ያ ቀለበት፣ የአፈሙዙ ከንፈር በሉት፣ ጥይቱ ከጠመንጃው ሲለይ ለመጨረሻ ጊዜ የሚነካው እሱን ነው። ከንፈሩ በአንድ በኩል በትንሹም ቢሆን ከተበላ ጋዙ በዛ በኩል ቀድሞ ይወጣና ጥይቱን ጅራቱ ላይ ገፋ ያደርገዋል፣ ያቺ መገፋት 100 ሜትር ላይ ስትደርስ ኢላማ መሳት ሆነች ማለት ነው። ብዙ "ያለቀ በርሜል" የሚባለው ከአፈሙዙ በኩል ዘንግ እያስገቡ በመወልወል ከንፈሩ የተፋቀ ነው። ክላሽን የመሰለ ከኋላ ዘንግ የማያስገባ መሳሪያ ከሆነ ምርጫ የለም ከፊት ነው፣ ግን ለዛም መላ አለው፦ ከክላሹ ጋር የሚመጣው የመወልወያ እቃ መያዣ ቆርቆሮ ክዳኑ መሃሉ የተበሳ ነው፣ እሱ አፈሙዙ ላይ ተገጥሞ ዘንጉን መሃል ለመሃል እንዲይዝ ነው የተሰራው። ብዙ ሰው ክዳኑን ይጥለዋል ወይ ለምን እንደተበሳ አያውቅም። ከሌላችሁ በገመድ ከኋላ ወደ ፊት መሳብ ከፊት በዘንግ ከመግፋት ይሻላል።

እሺ ወደ ስራው። ጠመንጃውን አፈሙዙ ትንሽ ዝቅ ብሎ አስደግፉት፣ ፈሳሹ ወደ ምላጩና ወደ እንጨቱ እንዳይመለስ። አንድ ጨርቅ በጥቀርሻ ማጽጃ አርሱና ስደዱ፣ አፈሙዙ ላይ ሲወጣ አውልቁት፣ የቆሸሸ ጨርቅ ወደ ኋላ አይመለስም፣ ያወጣችሁትን ቆሻሻ ለምን ትመልሱታላችሁ። አስር ደቂቃ ተዉት፣ ቡና ጠጡ ምናምን (ግን እዛው ጠረጴዛ ላይ አይደለም፣ ምክንያቱን ኋላ)። ከዛ ብሩሹን አርሳችሁ አስር ጊዜ ያህል አመላልሱ፣ በየጊዜው ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ነው የሚመለሰው፣ መሃል ላይ አቅጣጫ ለመቀየር አትታገሉ፣ ሲመለስ ደግሞ ከንፈሩን እንዳይመታ በቀስታ። ከዛ እርጥብ ጨርቅ፣ ከዛ ደረቅ ጨርቅ። መጀመሪያ ጥቁር ይወጣል፣ ከዛ ግራጫ፣ ከዛ ነጭ እየሆነ ይመጣል። እጃችሁንም ስሙት፣ ዘንጉ እየሄደ ሄደ የሆነ ቦታ ጋ ሻከር ወይ ጠበቅ ካለ እዛ ጋ ገና የተጋገረ ነገር አለ።

ጨርቁ ነጭ ወጣ ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ጋ ነው፣ መዳቡ እኮ ገና አልተነካም። አሁን የመዳብ ማጽጃውን አስገቡ፣ ጠንካራዎቹ አሞኒያ አላቸው፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሰዓት አክብሩ፣ አሞኒያ ያለበትን በርሜል ውስጥ አሳድሮ መተኛት ብረቱን ሊበላው ይችላል። ጨርቁ ሰማያዊ ወይ አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ መዳብ እየወጣ ነው፣ ሰማያዊው እስኪጠፋ ድገሙ። እዚህ ጋ እኔ ራሴ የተሸወድኩበት ነገር አለ፦ የነሐስ ብሩሽም ውስጡ መዳብ ስላለው ማጽጃው ብሩሹን ራሱን እየበላ ሰማያዊ ያወጣል፣ በርሜሉ ከጸዳ ቆይቷል እኔ ግን ብሩሼን እየበላሁ ነበር። ስለዚ በዚህ ደረጃ ላይ የናይሎን ብሩሽ ተጠቀሙ፣ ጨርቅ መያዣውም ነሐስ አይሁን። ሲያልቅ የመዳብ ማጽጃውን በጥቀርሻ ማጽጃው ጠርጋችሁ አድርቁ።

የጨውን ነገር እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። የድሮ የጦር ሰራዊት ጥይቶች፣ በተለይ የሶቭየት ዘመን 7.62×39 እና 7.62×54 ውስጥ ብዙዎቹ፣ ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለው ማቀጣጠያ ፖታሲየም ክሎሬት አለበት። እሱ ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ ይሆናል፣ ይሄ ደግሞ የገበታ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው፣ ከአየር እርጥበት እየሳበ ብረቱን ያዝገዋል፣ እርጥበት ባለበት ቦታ በማግስቱ ዝገት ታያላችሁ። ጨውን የሚያሟሟው ውሃ ነው፣ ዘይት አያሟሟውም። እንዲህ አይነት ጥይት ከተኮሳችሁ ወይም ከተጠራጠራችሁ በዛው ቀን ሙቅ ውሃ በበርሜሉ ውስጥ አሳልፉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ አድርቁ፣ ከዛ ነው የተለመደው ውልወላ የሚጀመረው። ክላሽ ከሆነ የጋዝ ቱቦውንና ፒስተኑን አትርሱ፣ ጨዉ እዛም ይሄዳል። ክሮም የተለበጠ በርሜል ይቋቋማል ይባላል፣ እውነት ነው ይረዳል፣ ግን ሁሉም ክፍል ክሮም የለውም።

ከጸዳ በኋላ በባትሪ በደንብ እዩት፣ የቆሸሸ በርሜል አይመረመርም። ከቻምበሩ ፊት ያለው ብረት እንደደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ቦዮቹም እዛ ጋ ከደበዘዙ ሙቀት የበላው ነው፣ ይሄ እውነተኛ ማለቅ ነው። ትንንሽ ጉድጓዶች ካሉ ዝገት ነው፣ አንዳንዱ እንደዛም ሆኖ በደንብ ይተኩሳል። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ በርሜሉ መሃል ላይ እንደ ቀለበት የሆነ ጥቁር ጥላ ካያችሁ ውስጡ አብጧል ማለት ሊሆን ይችላል፣ በፊት የሆነ ነገር ተቀርቅሮበት ተተኩሶበታል። እሱን አትተኩሱበት፣ ወደ ባለሙያ ይሂድ።

ለማስቀመጥ ቀጭን ዘይት፣ በጣም ቀጭን፣ አንድ ጨርቅ ላይ ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ከመተኮሳችሁ በፊት ደግሞ ደረቅ ጨርቅ አሳልፉና በበርሜሉ ውስጥ ብርሃን እዩ፣ ይሄን አደራ እላለሁ። የተረሳ ጨርቅ፣ የሸረሪት ድር፣ ጭቃ፣ የተጠራቀመ ዘይት፣ ማንኛውም ደንቃራ በርሜል ሊያፈነዳ ይችላል። አፈሙዙን አቧራ እንዳይገባ ብሎ በጨርቅ መወተፍም ያው አደጋ ነው፣ ከዛ በላይ እርጥበት ይይዛል። ቆዳና ጨርቅ ማህደር ውስጥም ለረጅም ጊዜ አታስቀምጡ፣ በማህደሩ ልክ ዝጎ ታገኙታላችሁ።

ስለ ቡናው። ከማቀጣጠያውና ከጥይቱ የሚወጣው ጥቀርሻ እርሳስ አለበት፣ እርሳስ ደግሞ በአፍም በትንፋሽም ይገባል፣ ህጻናት ላይ ጉዳቱ ይከፋል። የምግብ ጠረጴዛ ላይ አትወልውሉ፣ ጋዜጣ አንጥፉ፣ ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ከመብላታችሁ በፊት በሳሙና ታጠቡ። ማጽጃዎቹ ብዙዎቹ እሳት ይይዛሉ፣ አሞኒያ ያለበትን ደግሞ ከበረኪና ጋር በፍጹም አታገናኙ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

በሚቀጥለው ስትተኩሱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሶስት ጥይት አትቁጠሯቸው፣ ገና የጸዳ በርሜል መጀመሪያ ላይ ወደ ሌላ ቦታ ሊጥል ይችላል። ከዛ በኋላ አምስት ተኩሱና እዩ። አሁንም ከተበተነ የሰደፉን ብሎኖችና የማነጣጠሪያ መነጽሩን ማሰሪያ ጠበቅ አድርጋችሁ፣ የጥይቱንም አይነት ቀይራችሁ ሞክሩ። እሱም ካልሰራ ያኔ ጠመንጃውን ባለሙያ ጋ ውሰዱትና በርሜሉን ይለካላችሁ።