ቨርቲካል አንቴና ሲተክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ሳቢያን ግቢያችን ውስጥ የመጀመሪያውን ቨርቲካል (ቀጥ ብሎ የሚቆም የአማተር ሬዲዮ አንቴና) ያቆምኩ ቀን የኤስ ደብልዩ አር ሜትሩ (ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣውን ኃይል የሚጠቁመው፤ 1 ካለ ምንም አይመለስም) 1.1 አሳየኝ። አቦ፣ ደስታዬ! መሬት ላይ የዘረጋሁት ራዲያል፣ ማለትም ከአንቴናው እግር ዙሪያውን የሚሄደው ሽቦ፣ ስምንት ብቻ ነበር። በኋላ ሽቦውን 32 ሳደርሰው ሜትሩ ወደ 1.3 ወጣ። አበላሸሁት ብዬ ልነቅለው ምንም አልቀረኝም።

ትልቁ ስህተት ይኸው ነው፣ ሜትሩን ማመን። የሩብ ሞገድ ቨርቲካል (ቁመቱ የሞገዱ ርዝመት ሩብ የሆነ) ጥሩ መሬት ካገኘ እግሩ ላይ የሚለካው 36 ኦም ገደማ ስለሆነ በ50 ኦም ኬብል 1.4 ያህል ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ያኔ ቁጥሩን ያሳመረልኝ ደረቁ አሸዋ የጨመረው 14 ኦም ያህል ብክነት ነበር። ከ100 ዋት ሩብ ያህሉ አሸዋ ያሞቅ ነበር፤ የድሬ አሸዋ ደግሞ ማሞቂያ ጠይቆ አያውቅም። አንድ የግራውንድ ዘንግ መቅበርም ራዲያልን አይተካም። መሬት ላይ የሚተኛ ራዲያል ርዝመቱ ብዙ አያስጨንቅም፣ ጥቂት ረጃጅም ከመዘርጋት ብዙ አጫጭር ይሻላል። ከመሬት ከፍ ካለ ግን ለየባንዱ (ለየድግግሞሽ ክልሉ) በልኩ ይቆረጣል።

ሌላው፣ ቲዩነሩን (አንቴናውን ከሬዲዮው ጋር የሚያጣጥመውን ሳጥን) ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሁሉንም ባንድ መሞከር ነው። 10 ሜትር ዘንግ ለ7 ሜጋኸርዝ ሩብ ሞገድ፣ ለ21 ሦስት ሩብ ስለሚሆን ሁለቱ ላይ ኬብሉ ይቀበለዋል። 14 ላይ ግን ግማሽ ሞገድ ይሆንና እግሩ ላይ በሺህ የሚቆጠር ኦም ይመጣል። ቤት ያለው ቲዩነር ሬዲዮውን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ኬብሉ ውስጥ የሚመላለሰውን አያስቆምም፤ 20 ሜትር ቀጭን ኬብል ከሆነ አብዛኛው ኃይል እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ቲዩነሩ አንቴናው እግር ሥር ይሁን፣ ሳጥኑም ጥላ ያግኝ።

«አራት ለአንድ ትራንስፎርመር ሁሉን ይፈታል» የሚሏችሁንም አትስሙ። ኦሙን ለአራት ስለሚያካፍል 36 ኦም ላይ ብትሰኩት ሬዲዮው የሚያየው 9 ኦም ነው።

ስታወሩ ማይኩ ከንፈር በኤሌክትሪክ ሲቆነጥጥ ደግሞ ብዙ ሰው ሬዲዮውን ይፈታታል። ጥፋቱ ከኬብሉ ሽፋን በውጭ በኩል ተመልሶ የሚመጣው ሞገድ ነው። የእኔ ማይክ የተወኝ አንቴናው ሥር ኬብሉን ፌራይት ቀለበት ላይ ዐሥራ ሁለት ዙር ጠምጥሜው ነው። ከአሮጌ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የሚወጣውን ቢጫ ቀለበት ይዛችሁ ግን አትድከሙ፤ እሱ የብረት ዱቄት እንጂ ፌራይት ስላልሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም።