በልጆች የደም ሥር ብግነት የኩላሊት ጉዳትን ሲገምቱ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የደም ሥር ብግነት ቀድሞ ሄኖክ ሾንላይን ፐርፑራ ይባል የነበረውና ከ2012 ወዲህ አይጂኤ ቫስኩላይቲስ የተባለው ሕመም ነው። እግርና መቀመጫ ላይ ሲዳሰስ ጎላ የሚል፣ ሲጫኑትም የማይጠፋ ቀይ ሽፍታ ያወጣል፤ ሆድንና መገጣጠሚያንም ያማል። ይህ ሁሉ በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ስለሚያልፍ ቤተሰብን የሚያስጨንቀው ሽፍታው ይሁን እንጂ የልጁን የወደፊት ጤና የሚወስነው ኩላሊቱ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት በመጀመሪያው ቀን የተደረገው የሽንት ምርመራ ጤናማ ስለሆነ ብቻ ኩላሊቱ ተርፏል ብሎ መደምደም ነው። የኩላሊት ብግነት ብዙ ጊዜ ከሽፍታው ዘግይቶ ይመጣል። በ2005 የታተመና ከ1,100 በላይ ልጆችን የተመለከተ የጥናቶች ግምገማ እንደሚያሳየው፣ ከልጆቹ ሲሶ ያህሉ ኩላሊታቸው የተነካ ሲሆን፣ ከእነዚህም 85 በመቶው በአራት ሳምንት፣ 97 በመቶው በስድስት ወር ውስጥ ምልክቱ ታይቶባቸዋል። ስለዚህ ሽንትና የደም ግፊት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያም እየተራራቀ እስከ ስድስት ወር ሊታዩ ይገባል፤ ሽፍታው ጠፋ ብሎ ቀጠሮ መተው አደገኛ ነው። ተስፋ የሚሰጠው፣ በዚያው ግምገማ ሽንታቸው ጤናማ ሆኖ ከዘለቀ ልጆች መካከል ዘላቂ የኩላሊት ጉዳት የደረሰበት አለመገኘቱ ነው።

ሽንቱን በዓይን አይቶ መርካትም ያሳስታል፤ ቀለሙ ያልተለወጠ ሽንት የኩላሊት መነካት ምልክት የሆኑ ደምና ፕሮቲን ሊኖሩት ይችላሉ። ቆሞ መዋል ብቻውን በአንዳንድ ልጆች ሽንት ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ስለሚጨምር፣ ልጁ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሣ የሚሸናው የመጀመሪያ ሽንት ተወስዶ የፕሮቲንና የክሬአቲኒን (ኩላሊት ከደም አጣርቶ በሽንት የሚያስወግደው ቆሻሻ) ንጽጽር ቢሠራ የተሻለ ነው። የደሙ ክሬአቲኒን ጤናማ መሆኑም ዋስትና አይሆንም። የደም ግፊቱ ለክንዱ በሚስማማ መጠቅለያ ተለክቶ ከዕድሜውና ከቁመቱ ጋር መመዛዘን አለበት፤ ለአዋቂ ደኅና የሚባል ቁጥር ለአምስት ዓመት ልጅ ከፍተኛ ሊሆን ይችላልና።

ዕድሜው ከፍ ያለ፣ ሽፍታው ከወር በላይ የቆየበት ወይም የተመላለሰበት፣ ሆዱን ክፉኛ የታመመ ወይም በሰገራው ደም የታየበት ልጅ ኩላሊቱ የመነካት ዕድሉ ከፍ ይላል። ሆኖም እነዚህ ምልክቶች የክትትሉን ጥብቀት ለመወሰን እንጂ ምልክት የሌለበትን ልጅ ያለ ክትትል ለማሰናበት ሊያገለግሉ አይገባም።

ኩላሊቱ እንዳይነካ በሚል ገና ከጅምሩ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ብግነት የሚቀንስ የስቴሮይድ መድኃኒት መስጠት ደግሞ በቅንነት የሚፈጸም ስህተት ነው። በ2013 የታተመና ከ300 በላይ ልጆች የተሳተፉበት የብሪታንያ ጥናት፣ መድኃኒቱን ቀድሞ መስጠት ከአንድ ዓመት በኋላ በሽንት የሚታየውን ፕሮቲን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። መድኃኒቱ ለብርቱ የሆድ ሕመምና ኩላሊቱ ከተነካ በኋላ ለሚደረግ ሕክምና የራሱ ቦታ አለው። በሽንት ያለው ፕሮቲን ከበዛ ወይም ሳይጠፋ ከቆየ፣ የደም ግፊት ወይም ክሬአቲኒን ከጨመረ፣ ወይም ሰውነት ካበጠ፣ ልጁ ከኩላሊቱ ናሙና ተወስዶ የሚደረግ ምርመራ (ባዮፕሲ) ያስፈልገው እንደሆነ የሚወስን የልጆች ኩላሊት ሐኪም ዘንድ ሳይዘገይ መላክ አለበት።